ዘይትና ቤንዚን በቁጥር ይደባለቃሉ

በዚህ ሳምንት ስለ ሞተር ሳይክል እናነባለን። የምናነበው ግን ስለ ሁሉም ሞተር ሳይክል አይደለም። ቤንዚኑና ዘይቱ አንድ ላይ ስለሚቃጠሉበት፣ ጭሱ ከሩቅ ስለሚታየው፣ ድምፁም እንደ ንብ ስለሚጮኸው ሞተር ነው። ይህ ሞተር ባለ ሁለት ምት ይባላል።

ባለ ሁለት ምት ሞተር የት ይገኛል? በኮረኮንችና በጭቃ መንገድ በሚሄዱ ቀላል ሞተር ሳይክሎች ላይ ይገኛል። ባሕር ዛፍ በሚቆርጠው የሞተር መጋዝ ላይ ይገኛል። በጀርባ በሚታዘለው የመድኃኒት መርጫም ላይ ይገኛል። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ደግሞ በአቧራና በኮረብታ ላይ ውድድር የሚደረግባቸው ሞተር ሳይክሎች ብዙዎቹ በዚህ ሞተር ሠርተዋል፤ ዛሬም የሚሠሩ አሉ።

ሞተሩ ቀላል ነው። ብረቱ ጥቂት ነው። ጉልበቱ ግን ብዙ ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው። በቁጥር ካልያዙት ይሞታል። ቁጥሩም ተጽፎ ይገኛል። ማንበብ የሚችል ሰው ሞተሩን ያድናል። ማንበብ የማይችል ወይም ማንበብ የሚንቅ ሰው ግን ፒስተን ሲገዛ ይኖራል። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ዘይቱ ለምን ከቤንዚን ጋር ይገባል?

ፒስተን በቺሊንደር ውስጥ ይወጣል፤ ይወርዳል። አንዴ ሲወጣ አንድ ምት ነው። አንዴ ሲወርድ ሌላ ምት ነው። በመኪናና በብዙ የዛሬ ሞተር ሳይክሎች ውስጥ ቤንዚኑ አንድ ጊዜ እስኪቃጠል ፒስተኑ አራት ምት ይሠራል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን በየሁለቱ ምት አንድ ጊዜ ይቃጠላል። ጉልበቱ የበዛው ለዚህ ነው።

በባለ አራት ምት ሞተር ሥር የዘይት መያዣ አለ። ዘይቱ እዚያ ተቀምጦ ብረቱን ሁሉ ያለሰልሳል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ሥር ግን ዘይት አይቀመጥም። ለምን? ቤንዚኑና አየሩ መጀመሪያ የሚገቡት ከፒስተኑ ሥር ነውና። ኮሎውና ቢዬላው በሚዞሩበት ክፍል ውስጥ ያልፋሉ። ከዚያ በቺሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይወጣሉ። ይህን አሠራር እንግሊዛዊው ጆሴፍ ደይ እ.ኤ.አ. በ1891 በስሙ አስመዘገበ። ብዙ ነገር ተሻሽሏል። መንገዱ ግን ያው ነው።

እንግዲህ ያ ክፍል የቤንዚንና የአየር መተላለፊያ ከሆነ ዘይቱ የት ይቀመጥ? ቦታ የለውም። ስለዚህ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር መንገደኛ ይሆናል። አብሮ ይገባል። ኩሽኔታውን፣ ፋሻውንና ፒስተኑን እየዳሰሰ ያልፋል። መጨረሻ ላይ አብሮ ይቃጠላል። ጭሱ ከዚህ ይመጣል።

አንዳንድ ሞተር ሳይክል ለዘይቱ ለብቻው ትንሽ ታንክ አለው። ፓምፕ ዘይቱን እየመጠነ ያስገባል። ያማሃ ይህን አሠራር አውቶሉብ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1964 አወጣው። እንዲህ ዓይነት ሞተር ሳይክል ያለው ሰው በቤንዚኑ ታንክ ውስጥ ዘይት አይጨምርም። የዘይቱን ታንክ ግን ዘወትር ያያል። ፓምፑ ተበላሽቶ ከተነቀለ ወይም መጀመሪያውኑ ከሌለ ዘይቱን በእጅ መደባለቅ ግድ ነው።

ቁጥሩን እናንብብ

በዘይቱ ጣሳ ወይም በሞተሩ መመሪያ ላይ ‹1፡50› ወይም ‹50፡1› የሚል ታያላችሁ። ሁለቱም አንድ ናቸው። ትልቁ ቁጥር ሁልጊዜ ቤንዚን ነው። ትንሹ ዘይት ነው። ሲነበብ ‹አንድ ለሃምሳ› ይባላል። አንድ እጅ ዘይት፣ ሃምሳ እጅ ቤንዚን ማለት ነው።

አንድ ሊትር ስንት ነው? 1000 ሚሊ ሊትር ነው። 1000ን ለ50 ብናካፍል 20 እናገኛለን። ስለዚህ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት እንጨምራለን። ሌሎቹም እንዲሁ ይሰላሉ።

በ1 ለ50፦ ለ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር፤ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር።
በ1 ለ40፦ ለ1 ሊትር 25 ሚሊ ሊትር፤ ለ5 ሊትር 125 ሚሊ ሊትር።
በ1 ለ32፦ ለ1 ሊትር 31 ሚሊ ሊትር፤ ለ5 ሊትር 156 ሚሊ ሊትር።
በ1 ለ25፦ ለ1 ሊትር 40 ሚሊ ሊትር፤ ለ5 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር።

አንዳንዱ ጣሳ በመቶኛ ይጽፋል። 2 በመቶ ማለት 1 ለ50 ነው። 4 በመቶ ማለት 1 ለ25 ነው።

የትኛውን እንምረጥ? ምርጫው የጎረቤት ወሬ አይደለም። የሞተሩ ሠሪ የጻፈው ነው። የስቲል የሞተር መጋዝ በራሱ ዘይት 1 ለ50 ይጠይቃል። ያማሃ ለውድድር ሞተር ሳይክሉ ለዋይ ዜድ 250 በመመሪያው 1 ለ30 ይላል። ሁለቱም ባለ ሁለት ምት ናቸው። ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። ለመጋዝ የተደባለቀውን ለሞተር ሳይክል መስጠት የበግ መድኃኒት ለበሬ እንደ መስጠት ነው።

አለካኩ እንዴት ነው?

‹‹ትንሽ ዘይት ጠብ አድርግበት›› የሚሉ አሉ። ትንሽ ስንት ነው? የአንዱ ትንሽ ለሌላው ብዙ ነው። የሻይ ብርጭቆም ትልቅና ትንሽ አለው። ስለዚህ ቁጥር ያለበት ዕቃ ያስፈልጋል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ጥሩ መለኪያ ነው። 20 ሚሊ ሊትር የሚይዘው አንድ ጊዜ ቢሞላ በ1 ለ50 ለአንድ ሊትር ይበቃል። ቁጥር ያለበት የሕፃን ጡጦም ያገለግላል። ግን አንዴ ዘይት ከነካው ወደ ሕፃን አፍ አይመለስም።

ንጹሕ የቤንዚን ጀሪካን እናዘጋጅ። የቤንዚኑን ግማሽ እናፍስ። የተለካውን ዘይት እንጨምር። ክዳኑን ዘግተን እንነቅንቅ። የቀረውን ቤንዚን እንጨምርና እንደገና እንነቅንቅ። ዘይቱን በቀጥታ ወደ ሞተር ሳይክሉ ታንክ ማፍሰስ መልካም አይደለም። ዘይቱ ሳይደባለቅ ከሥር ሊተኛ ይችላል። መጀመሪያ ዘይቱ ብቻ ይሄዳል፤ ኋላ ቤንዚኑ ብቻ ይሄዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ሞተር ግን ከፈሰሰ በኋላ አይለቀምም።

በጀሪካኑ ላይ እንጻፍበት። ‹1 ለ50፣ ግንቦት 3› ብለን እንጻፍ። ድብልቅ ከወር በላይ ባይቆይ ይመረጣል። ቤንዚን ይነፍሳል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል።

ዘይቱስ የምን ዘይት ይሁን? ለባለ ሁለት ምት የተሠራ ይሁን። በጣሳው ላይ ‹2ቲ› ይላል። የመኪና ሞተር ዘይት ሲቃጠል አመድ ይተዋል። ካንዴላውን ያቆሽሻል፤ ፋሻውን ያጣብቃል። በ2ቲ ዘይት ጣሳ ላይ ኤፍ ቢ፣ ኤፍ ሲ፣ ኤፍ ዲ የሚሉ የጃፓን ደረጃዎችም ይገኛሉ። ከኤፍ ቢ ወደ ኤፍ ዲ ሲሄድ ጭሱና ጥላሸቱ ይቀንሳል። ለጀልባ ሞተር የተሠራው ዘይት ሌላ ነው። የጀልባ ሞተር በውኃ ስለሚቀዘቅዝ ዘይቱ ለዚያ የተሠራ ነው። በነፋስ ብቻ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ሳይክል አይስማማም።

ዘይት ሲበዛስ?

ማር ሲበዛ ይመራል ይባላል። ‹‹ዘይት ቢበዛ ምን ይጎዳል? ሞተሩን ያለሰልሳል እንጂ›› የሚል ሰው ብዙ ነው። መልሱን በቁጥር እንየው።

ካርቡራቶር ቤንዚን የሚያስገባው በጠባብ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው የሚያውቀው የፈሳሹን መጠን ብቻ ነው። ዘይት ይሁን ቤንዚን አይለይም። በ1 ለ50 ከመቶ ማንኪያ ድብልቅ ውስጥ 98 ማንኪያው ቤንዚን ነው። በ1 ለ20 ግን 95 ማንኪያው ብቻ ቤንዚን ነው። አየሩ ግን አልቀነሰም። ስለዚህ ዘይት ስንጨምር ቤንዚኑን ከአየሩ አንጻር አሳነስነው። ቤንዚን ያነሰበት ሞተር ደግሞ ይግላል።

አያችሁ ነገሩን? ሞተሩን እንጠብቅ ብለን ያለ ቁጥር ያፈሰስነው ዘይት ሞተሩን ሊያግለው ይችላል። ከዚያም ሌላ ካንዴላው ይረጥባል፤ ማርሚታው ይደፈናል። የዘይቱን ቁጥር የለወጠ ሰው የቤንዚኑን ቀዳዳ እንደገና ማየት አለበት።

ሁለተኛው ድብልቅ

እንግዲህ ድብልቁ ሁለት ነው። አንደኛው በጀሪካን ውስጥ የሚሠራው ነው፤ የዘይትና የቤንዚን ድብልቅ ነው። ሁለተኛው በካርቡራቶር ውስጥ የሚሠራው ነው፤ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ነው። ሰዎች ሁለቱን ያምታታሉ። ጭስ ሲያዩ ዘይቱን ይቀንሳሉ። ብዙ ጊዜ ግን የበዛው ዘይቱ ሳይሆን ቤንዚኑ ነው። ዘይቱን ከልክ በታች ሲቀንሱ ጭሱ ይጠፋል። ሞተሩም አብሮ ይጠፋል።

በካርቡራቶር ውስጥ ሦስት ነገሮችን እንወቅ።

አንደኛ፣ ትንሹ ጂግለርና የአየር ቡሎን ናቸው። ጂግለር ማለት መካከሉ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ፍሬ ነው። እነዚህ የሚሠሩት ነዳጅ መስጫ እጀታው ጥቂት ሲከፈት ነው፤ እስከ ሩብ ድረስ። የአየር ቡሎን ሲላላ አየር ይበዛል፤ ሲጠብቅ ቤንዚን ይበዛል።

ሁለተኛ፣ መርፌው ነው። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ድረስ ይሠራል። በመርፌው ራስ ላይ ጥርሶች አሉ፤ በአንዱ ጥርስ ላይ ትንሽ መያዣ ይገባል። መያዣውን ወደ ታች ጥርስ ብናወርደው መርፌው ከፍ ይላል፤ ቤንዚን ይጨምራል። ወደ ላይ ብናወጣው መርፌው ዝቅ ይላል፤ ቤንዚን ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ ዋናው ጂግለር ነው። እጀታው ጨርሶ ሲከፈት የሚገዛው እርሱ ነው። በላዩ ደቃቅ ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይሰፋል፤ ቤንዚን ይጨምራል።

ስናስተካክል አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ሁለቱን አንድ ላይ ከለወጥን የትኛው እንደረዳ፣ የትኛው እንደጎዳ አናውቅም። ከመንካታችን በፊት የአየር ማጣሪያውን እናጽዳ። ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ ቤንዚኑ የበዛ ይመስላል። ከካርቡራቶሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ ከተሰነጠቀ ደግሞ ቤንዚኑ ያነሰ ይመስላል። የውጭ አየር ሰርቆ ይገባልና።

ኬ.ቲ.ኤም. የተባለው የኦስትሪያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ቤንዚኑን በኮምፒውተር የሚመጥን ባለ ሁለት ምት የኮረኮንች ሞተር ሳይክል አውጥቷል። በእርሱ ላይ ጂግለር መቀየር የለም። ካርቡራቶር ያለው ሰው ግን ኮምፒውተሩ የራሱ ዓይንና ጆሮ ነው።

ከደጋ ወደ ቆላ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። አገራችን የደጋና የቆላ አገር ናት። ይህም ለባለ ሁለት ምት ሞተር ትልቅ ፈተና ነው።

ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ጠለል ያለውን አየር 100 ብንል፣ በ1300 ሜትር ላይ ወደ 88 ይወርዳል። በ3000 ሜትር ላይ ወደ 74 ይወርዳል። ካርቡራቶሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ በደጋ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ሞተሩ ይሰንፋል፤ ጭሱ ይጠቁራል። ሰውየው ትንሽ ጂግለር ያስገባል። ሞተሩ ይስተካከላል። እስከዚህ መልካም ነው።

እንበል፣ አንድ የጤና ሠራተኛ የክትባት ሣጥን ይዟል። ሞተር ሳይክሉ ለደጋ ተስተካክሏል። የዘይት ፓምፑ ስለተነቀለ ዘይቱን በእጅ ደባልቋል። ከጣርማ በር ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ወደ 1300 ሜትር ነው። በአንድ ጠዋት ከብርድ ወደ ሐሩር ይገባል።

በዚህ ቁልቁለት ሞተሩን ሁለት አደጋ ይጠብቀዋል።

የመጀመሪያው አየሩ ነው። ወደ ታች በወረደ ቁጥር አየሩ ይወፍራል። ቆላው ስለሚሞቅ ልዩነቱ ትንሽ ይጠባል እንጂ አይጠፋም። ለደጋ የተመረጠው ጠባብ ጂግለር ለቆላው አይበቃም። ቤንዚኑ ያንሳል። ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣ ነውና ለሥራው ያንሳል። ሞተሩም ይግላል። ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲግል ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ያብጣል። በፒስተኑና በቺሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት የፀጉር ያህል ስለሆነ ይጠፋል። ያን ጊዜ ፒስተኑ ይጣበቃል። የኋላ ጎማው በድንገት ይቆማል። ሰውየው ሊወድቅ ይችላል።

ሁለተኛው ቁልቁለቱ ራሱ ነው። ሰው ቁልቁለት ሲወርድ እጀታውን ይዘጋል፤ በማርሽ ይይዘዋል። ለባለ አራት ምት ሞተር ይህ መልካም ልማድ ነው። ለዚህ ሞተር ግን አይደለም። ጎማው ሞተሩን በኃይል ያዞረዋል። እጀታው ግን ተዘግቷል። ቤንዚን አይገባም ማለት ይቻላል። ቤንዚን ካልገባ ዘይት ከየት ይመጣል? ፒስተኑ ያለ ዘይት ይሮጣል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከመውረዱ በፊት ሰፋ ያለ ጂግለር ይግባ። ዋናውን ጂግለር ለመቀየር ጊዜ ካልተገኘ፣ የመርፌውን መያዣ አንድ ጥርስ ወደ ታች ማውረድ ጥቂት ይረዳል። ያኔም እጀታውን እስከ መጨረሻ አለመክፈት ነው። ቁልቁለቱን ሲወርድ በየጥቂት ጊዜው እጀታውን ከፈት አድርጎ ዘይት ማጠጣት ነው። ወይም ፍሪሲዮኑን ይዞ ሞተሩን በዝግታ ማሠራት ነው። ፍሬኑም እንዳይግል መሐል ላይ ማረፍ ነው።

የክትባቱን ነገር እናስብ። ብዙው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። ሞተሩ በቆላ መንገድ ላይ ቢጣበቅ፣ በረዶው ሲቀልጥ ክትባቱ ይበላሻል። እናቶች ሕፃናት አዝለው የጠበቁት በከንቱ ይሆናል። በነሐሱ ፍሬ ላይ ያለችው ደቃቅ ቁጥር እስከዚህ ድረስ ትደርሳለች።

የሚወርድ ሰው ይጠንቀቅ። የሚወጣ ሰው ግን ብዙ አይፍራ። ለቆላ የተስተካከለ ሞተር ደጋ ቢወጣ ያጨሳል፤ ይሰንፋል፤ ግን ብዙ ጊዜ አይሞትም። ከሁለቱ ጥፋት አንዱ የማይቀር ከሆነ ቤንዚን የበዛበት ይሻላል። የቆሸሸ ካንዴላ ይጠረጋል። የቀለጠ ፒስተን አይጠረግም።

ካንዴላውን እናንብብ

ካንዴላም ይነበባል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነፃና ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ እጀታውን ከፍተን ጥቂት እንንዳ። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ይዘን ሞተሩን ወዲያው እናጥፋ። ዳር ይዘን እንቁም። ሲበርድ ካንዴላውን እንፍታ።

የተቆላ ቡና መልክ ካለው መልካም ነው። ጥቁርና እርጥብ ወይም ጥላሸታም ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ወይም ዘይቱ በዝቷል። ነጭ ከሆነ፣ ወይም የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ብናኝ ካለበት ሞተሩ ግሏል። ያ ብናኝ ከፒስተኑ የመጣ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መንዳት ይቁም። አዲስ ካንዴላ ቶሎ መልክ አይዝም። ስለዚህ በአንድ ጉዞ ብቻ አንፍረድ።

ጆሮም ይረዳል። እጀታው ተዘግቶ ሳለ ሞተሩ መጮኹን ካላቆመ፣ ወይም እንደ ጠጠር ካንቋቋ፣ ቤንዚኑ አንሷል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ቶሎ እንቁም።

ጥንቃቄ

ቤንዚን ስንደባለቅ ውጭ እንሁን። ምድጃ፣ ሲጋራና ኩራዝ ይራቁ። ድብልቁን በውኃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አናስቀምጥ። ልጅ ሊጠጣው ይችላል። ቤንዚን የጠጣ ልጅ እንዲያስመልሰው አይደረግ። ሲያስመልሰው ወደ ሳንባ ይገባልና። ፈጥነን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

መልመጃ

1. በ1 ለ40 ለ4 ሊትር ቤንዚን ስንት ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል?
2. በ1 ለ25 ለ3 ሊትር ቤንዚንስ?
3. ለደብረ ብርሃን የተስተካከለ ሞተር ወደ መተሐራ ቢወርድ ዋናው ጂግለር ይስፋ ወይስ ይጥበብ?
4. በእጅ የተደባለቀ ዘይት የሚጠቀም ሞተር እጀታው ተዘግቶ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ምን ይጎድለዋል?

መልስ፦ 1. 100 ሚሊ ሊትር። 2. 120 ሚሊ ሊትር። 3. ይስፋ። 4. ዘይት።